አባቴ ያፈረሰው እርከን

ድንጋዩ ሲነቀል ከሥሩ አይጥ ትወጣለች። ታናሽ ወንድሜ በዱላ ያባርራታል። አባቴ ቀና ሳይል ቀጣዩን ድንጋይ በዲጂኖ ይፈነቅላል፤ እኔ የተፈነቀለውን እያነሳሁ ወደ ማሳው ዳር እወረውራለሁ። ጊዜው 1983 ዓ.ም. ነው፤ ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ደርግ ከወደቀ ገና ሳምንት ቢሆነው ነው። ከእኛ ማሳ በላይም በታችም፣ ከሸንተረሩ ማዶም፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። አገሩ ሁሉ እርከኑን እያፈረሰ ነበር። 15 ዓመቴ ነበር፤ እንደዚያ ቀን በደስታ የሠራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ኋላ ግብርና ተማርኩ። ከ20 ዓመት በላይ በልማት ሠራተኛነት ስኖር ለስንት ገበሬ ስለ እርከን እንዳስተማርኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ያን ቀን ግን ለአንዳቸውም አላነሳሁላቸውም፤ አፍሬ ነው። አሁን ሳስበው ከሁሉ አስቀድሜ ልነግራቸው የሚገባኝ እርሱን ነበር፤ አባቴ ሰነፍም አላዋቂም አልነበረምና። የትኛው ጥግ ውኃ እንደሚያቁር፣ የትኛው ባቄላ እንደሚወድ፣ የትኛው ከገብስ ሌላ እንደማያበቅል በጨለማ ቢጠየቅ ይመልሳል። ክረምት ሲገባ፣ ካባቱ እንደወረሰው፣ ማሳውን በማረሻ አግድም ሰንጥቆ ትርፉን ውኃ ወደ ዳር የሚያስወጣ ፈሰስ ያበጅለት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነው እርከን ያፈረሰው።

አገራችን ደቡብ ወሎ ነው፤ ከደሴ ወደ ማይባር ሐይቅ አቅጣጫ ካሉት ዳገቶች ባንዱ ላይ። በ1977ቱ ረሃብ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስለዚያ ዓመት ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። ከእኛ ቤት በታች የነበረችው ጎረቤታችን ከነልጆቿ በሠፈራ ወደ ኢሉባቦር ስትሄድ ምጣዷን ለእናቴ አደራ ሰጥታ ነበር። ያ ምጣድ ለዓመታት ከጎታው ሥር ተደፍቶ ቆየ። እናቴ የራሷ ሲሰበር እንኳ አላነሳችውም፤ «አደራ ነው» ትል ነበር። ሴትየዋ አልተመለሰችም።

እርከኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምግብ ለሥራ ይባላል፤ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይታሰብለታል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጡሩምባ ያስነፋል፤ ሕዝቡ ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል። እናቴ እህቴን አዝላ የባሬላውን አንድ ወገን ትይዝ ነበር። እኛ ልጆች የምንችለውን ድንጋይ እንለቅማለን። መስመሩን የሚያወጣው ከከተማ የመጣ ወጣት ነበር፤ ሁለት እኩል እንጨት፣ በመካከላቸው የተወጠረ ሲባጎ፣ ሲባጎው መሐል ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ውኃ ልክ። በመስታወቷ ውስጥ ያለችው የአየር አረፋ መሐል ላይ ስትቆም «ምልክት አድርግ!» ይላል፤ ችካል ይተከላል። እኔ ያቺን አረፋ ለማየት ስል ቀኑን ሙሉ ከኋላው አልለይም ነበር። ሙያዬን የመረጥኩት ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

መስመሩ የእኛ ማሳ ሲደርስ አባቴ ቀረብ ብሎ፣ «ጌታው፣ እዚህ ጋ ድንጋይ ከተከመረ በሬዎቼ በየት በኩል ይዞራሉ?» አለው። ወጣቱ፣ «አባቴ፣ መስመሩ በውኃ ልክ የወጣ ነው» ብሎት አለፈ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከመምሸቱ በፊት የሚጨርሰው ዳገት ነበረው። አባቴ ግን ያን መልስ አልረሳውም። በሰፈሩም እርከኑን «የእኛ እርከን» ያለው ሰው አላስታውስም። የመንግሥት እርከን ነበር የሚባለው፤ ስንዴው የእኛ፣ እርከኑ የመንግሥት።

በእነዚያው ዓመታት ማይባር አጠገብ የአፈር ምርምር ጣቢያ ነበር። የአገራችን ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1981 በጋራ የጀመሩት ፕሮግራም ሲሆን፣ ሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም አንጀኒ፣ ሌሎችም ቦታዎች ላይ እህት ጣቢያዎች ነበሩት። ያኔ እኔ ይህን አላውቅም፤ የማውቀው አጎቴ እዚያ የቀን ሥራ እንደሚሠራ ብቻ ነው። አንድ ክረምት ይዞኝ ሄደ። ዝናቡ እንደበረታ አንድ ሰው ካፖርቱን ደርቦ ወደ ወንዙ ወረደና የሚደፈርሰውን ውኃ በጠርሙስ ቀዳ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቀዳ። እንደገናም። ጎርፍ በጠርሙስ የሚቀዳ ሰው ያን ቀን አየሁ። «ምን ሊያደርግለት ነው?» ብዬ አጎቴን ጠየቅኩት። «ሊመዝነው ነው» አለኝ። «ውኃውን?» «አፈሩን እንጂ፤ ውኃ ውስጥ ያለውን አፈር።»

ከነዚህ ጣቢያዎች የወጣውን ነገር በኋላ በትምህርት ቤት አነበብኩት። ሥራውን የመራው ሀንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። ቶን ለገበሬ ምንም አይነግረውም። ስለዚህ እኔ ሳስተምር በጣት አሳያለሁ። 42 ቶን በአንድ ሄክታር ላይ ሲነጠፍ ከ3 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፤ የአውራ ጣት ጥፍር ውፍረት ስድስት ጊዜ ያህል ቢደራረብ ማለት ነው። በዓመት ይህች ስትሄድ ማን ያያታል? አንድ ሰው 50 ዓመት ቢያርስ ግን ወደ አንድ ስንዝር የሚጠጋ አፈር ከእግሩ ሥር ሄዷል። ማረሻችን የሚቆፍረው ጥልቀት ከዚያ አይበልጥም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው። ሌላው ያስደነገጠኝ ነገር አብዛኛው አፈር የሚሄደው በክረምቱ ሁሉ ሳይሆን በጥቂት ኃይለኛ ዝናቦች፣ ያውም መሬቱ ታርሶ አዝመራው ገና ባልሸፈነው ጊዜ መሆኑ ነው። ጤፍን አስቡት፤ አራትና አምስት ጊዜ ታርሶ፣ አፈሩ እንደ ዱቄት ልሞ፣ ልክ ዝናቡ በሚበረታበት ሐምሌ ላይ ዕርቃኑን ይጠብቃል።

ወደ 1983 ልመለስ። አባቴ ለማፍረስ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱም እውነት ነበር። አይጡ ድንጋዩ ውስጥ ተራብቶ እሸቱን ይፈጅ ነበር። እርከኑና ቦዩ ከማሳው የያዙት ቦታ ተደምሮ ቢታይ ከአሥር እጅ አንድ እጅ አያንስም። ለሁለት ጥማድ ባለመሬት ይህ ሸክም ነው። በሬዎቹ ሲዞሩ እየተደናቀፉ አንዱ አንክሷል። በዚያ ላይ መሬቱ የማን ነው? በየጊዜው ሽግሽግ አለ፤ ዛሬ የደከምክበት ማሳ ነገ ለሌላ ይሰጣል። ይህን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ፣ ሳይጠይቁት ያበጁለትን ነገር እንዲጠብቅ የሚያደርገው ምን ነበር?

ድንጋዩ ሲነሳ ከኋላው ያገኘነውን አልረሳም። ለስድስት ዓመት ከላይ የታጠበው አፈር እዚያ ተጠራቅሞ እስከ ጉልበቴ ደርሷል። ጥቁር፣ እርጥብ፣ በእጅ ሲጨብጡት የሚጨበጥ። ያ የግንቦት ፀሐይ አገሩን አመድ አስመስሎት ሳለ ከእርከኑ ኋላ ያለው አፈር ግን ይቀዘቅዝ ነበር። አባቴ እፍኝ ሞልቶ ዘግኖ አሸተተው። ከዚያ በአካፋ እየዛቀ ማሳው ላይ በተነው። እኛም በተንን።

በዚያ ዓመት እንዲያ ያለ እህል አይተን አናውቅም። ገብሱ ወገቤን አለፈ። እናቴ አውድማው ላይ እልል አለች። በሁለተኛውም ዓመት ጥሩ ሆነ። በሰፈሩ ያላፈረሰ ሰው እንደ ሞኝ ይታይ ጀመር። እኔ ዛሬ የማውቀውን ያኔ የነገረን ቢኖር ማንም አይሰማውም ነበር፤ ጎታው ሙሉ ነበርና። የበላነው ግን እርከኑ ስድስት ዓመት ያጠራቀመልንን ነበር፤ ከእንግዲህ የሚያጠራቅም አልነበረንም።

በሦስተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ተሰማ፤ በረዶ ቀላቅሎ ዘነበ። ከእኛ በላይ ያሉት ሁሉ አፍርሰው ስለነበር ዳገቱ ላይ ውኃውን የሚያቆመው ነገር አልተገኘም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ውኃ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 300,000 ሊትር ይሆናል፤ በ20 ሊትር እንስራ 15,000 እንስራ ማለት ነው። እናቴ በቀን ሁለት እንስራ ትቀዳ ነበር፤ በዚህ ሒሳብ ከ20 ዓመት በላይ የምትቀዳው ውኃ በአንድ ከሰዓት አንድ ሄክታር ላይ ወርዶ፣ መሬቱ ሊጠጣው ሲችል፣ አፈራችንን ይዞ ሄደ። ከታችኛው ማሳችን መሐል ልጅ የሚዘለው ቦይ ተከፈተ። በዓመቱ አዋቂም የማይዘለው ሆነ። ቦዩ በተከፈተ በሦስተኛው ዓመት የጎረቤታችን ጊደር ገብታበት ሞተች። ይኼ ነው ቦረቦር የሚባለው፤ ከታች ወደ ላይ እየናደ ማሳ የሚበላ።

ሰው «አባይ አፈራችንን ለግብፅ ወሰደው» እያለ ሲቆጭ እሰማለሁ። የእኛ አፈር ግብፅ አይደርስም። በቦርከና ወርዶ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። የወሰደብን ባዕድ የለም።

ምንጫችንም በዚያው ሰሞን ደከመ። ከኮረብታው ሥር ነበረች፤ ድሮ በጋውን ሙሉ ትፈስ ነበር። ኮረብታው ላይ የነበረው የደርግ ጊዜ ጥድና ባሕር ዛፍ እንደ እርከኑ በአንድ ሰሞን ተጨፍጭፎ አልቋል። የካቲት ሲገባ እናቴ በሌሊት ተነስታ ወረፋ መያዝ ጀመረች። ውኃው በጣሳ ተጠራቅሞ ነው እንስራው የሚሞላው። ዝናቡ አልቀነሰም ነበር፤ ወደ መሬት የሚገባው ነበር የቀነሰው።

በ18 ዓመቴ፣ ጎርፉ ወርዶ ሳያበቃ፣ አንድ ጠርሙስ ይዤ ወደ ቦረቦሩ ወረድኩ። የማይባሩ ሰውዬ ትዝ ብሎኝ ነው። የደፈረሰውን ውኃ ሞልቼ መደቡ ላይ አስቀመጥኩት። ሲነጋ ውኃው ጠርቶ አፈሩ ከታች ረግቶ ነበር፤ አንድ ጣት ያህል ውፍረት፣ ከላዩ ደግሞ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ስስ ጭቃ። አባቴ ከበረት ሲመለስ አየው። ጠርሙሱን አንስቶ በብርሃን አዟዟረው።

«ይኼ የኔ ነው?» አለ።

«አዎ አባባ፣ ከታችኛው ማሳ ነው።»

ጠርሙሱን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰው። ቁርሱን ሳይበላ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ሳይመጣ ዋለ።

እርከኑን ግን ወዲያው አልመለሰውም። ለምን እንዳልመለሰው ስጠይቀው፣ «ለማን ልካበው ልጄ? ነገ ለሚሸልሙት ሰው?» አለኝ። ይህን መልስ ከአንድ ሺህ ገበሬ ባላነሰ አፍ ሰምቼዋለሁ፤ አነጋገሩ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። እኔ በበኩሌ የአፈር ጥበቃ የመጀመሪያ መሣሪያው ዶማም ድንጋይም አይመስለኝም፤ «መሬቱ ነገም የኔ ነው» የሚል እምነት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የይዞታ ደብተር ለአባቴ ደረሰው፤ የእሱም የእናቴም ፎቶግራፍ አለበት። ደብተሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ከሳጥኑ ግርጌ አስቀመጠው። በዚያው ጥር ድንጋይ መሰብሰብ ጀመረ።

ለፈቃድ ወጥቼ አገር ቤት ስገባ ደረስኩበት። ያኔ እኔ ባለሙያ ነበርኩ፤ ውኃ ልኬን ይዤ ነበር የመጣሁት። መስመሩን ላውጣልህ ስለው፣ «አውጣው፤ ካወጣኸው በኋላ ግን እኔና አንተ አብረን እንሄድበታለን» አለኝ። አብረን ሄድንበት። ችካሉን ሁለት ቦታ ላይ አስነቀለኝ፤ አንዱ በሬዎቹ የሚዞሩበት ነበር፣ ሌላው ከመሬቱ ሥር ምንጭ ብጤ ክረምት ላይ የሚገነፍልበት፣ እኔ በበጋ ቆሜ የማላየው ቦታ። በሁለቱም ትክክል ነበር። ከኛ በላይ ካለው ጎረቤታችን ጋርም ተነጋግሮ ነበር። «ከላይ ካልተጀመረ እኔ የማደርገው ከንቱ ነው» ብሎ ሽማግሌ ልኮበታል። ሰውየውም እሺ አለ። ሦስት ቤተሰብ በደቦ ከዳገቱ አናት ጀምረን ወረድን።

አባቴ ድንጋይ ሲያስቀምጥ ላሳያችሁ። መጀመሪያ መሠረቱን እስከ ክንዱ አጋማሽ ይቆፍራል። ትልቁን ድንጋይ ያወርዳል፤ ሰፊውን ገጽ ወደ ታች፣ ጀርባውን ወደ ዳገቱ ዘንበል አድርጎ። በእግሩ ይረግጠዋል። ከተነቃነቀ ያነሳዋል፤ አዙሮ ይሞክረዋል። በሁለት ድንጋይ መገጣጠሚያ ላይ ሦስተኛውን ይጭናል እንጂ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ላይ አያደርግም። ትንንሹን ጠጠር ከኋላ ይሞላል፤ ውኃው እንዲጣራ፣ አይጡም ጎሬ እንዳያገኝ። ከላይ አፈር ደልድሎ ሰንበሌጥ ተከለበት፤ ዳር ዳሩን ጌሾ። «ቦታ ይወስድብኛል» ያለው እርከን ለላሚቱ ሣር፣ ለእናቴ የገበያ ጌሾ ሰጣቸው። በመንግሥት እርከን ላይ ግን ሣር መትከል ለአንዳችንም ታስቦን አያውቅም ነበር።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ ኮንሶ ሄድኩ። እርከኑ ከተራራው ጋር አብሮ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ቅርስ አድርጎ ሲመዘግበው የ21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ ሥራ መሆኑን ጠቅሷል። አንድ አዛውንት እያነጋገሩኝ ወደ ማሳቸው ሲወርዱ ከእርከኑ የወደቀች አንድ ድንጋይ አዩ። ጎንበስ ብለው መለሷት፤ ንግግራቸውንም አላቋረጡም። እኔ ዘመኔን ሙሉ በሥልጠና ላስተምረው የሞከርኩት ያን ጎንበስ ማለት ነው።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሕዝቡ ለተፋሰስ ልማት በነቂስ ይወጣል። ያለ ክፍያ፣ በጉልበቱ። ይህን ያህል ሰው ለመሬቱ ሲወጣ ሳይ እኔ አከብረዋለሁ፤ ብዙ ቦታ የተራቆተ ኮረብታ ሲለብስ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚያሳዝነኝ የሪፖርቱ ነገር ነው። በኪሎ ሜትር ይቆጠራል። ስንት ተሠራ ይባላል፤ ካለፈው ዓመት የተሠራው ስንቱ ቆሟል ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የአንድ ዳገት እርከን ሦስት ጊዜ ተሠርቶ ሦስት ጊዜ የተመዘገበበትን ቦታ አውቃለሁ። ባለማሳውን ሳይጠይቁ የሚወጣ መስመር፣ በውኃ ልክም ቢወጣ፣ ከብት የሚያፈርሰው ድንጋይ ነው። ልቅ ግጦሽ ሳይቆም፣ ከመኸር በኋላ ከብቱ ሁሉ ማሳው ላይ እየተለቀቀ፣ እርከን ይቆማል ማለት አይቻልም።

የእኛ ሰፈር ኮረብታ ተከልሏል። ከብት አይገባበትም፤ ሣሩ በግጦሽ ፈንታ እየታጨደ ይከፋፈላል፤ የገባ ከብት ባለቤት ነዋሪው ራሱ ባወጣው ደንብ ይቀጣል። ምንጯ ተመልሳለች። የድሮዋን አታህልም፤ ግን ሚያዝያ ላይም አትነጥፍም። እናቴ ይህን አይታለች። የኢሉባቦሯን ጎረቤታችንን እያነሳች፣ «ምነው በዚያን ጊዜ እንዲህ በሆነ» ትል ነበር። ቦረቦሩ ግን አልተደፈነም። ክትር በክትር ሠርተንበት አፉ ቆሟል፤ ሆዱ ውስጥ ሣርና የሰስባኒያ ዛፍ በቅሏል። የሄደው ማሳ ግን ሄዷል። አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚያ ሲያልፍ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞር ነበር።

ጥር የሠርግና የጥምቀት ወር ነው፤ ከከተማም ከውጭም አገር ቤት የምትገቡ ብዙ ናችሁ። ድንኳኑ ሳይነሳ አንድ ጠዋት ወደ ቤተሰባችሁ ማሳ ውረዱ። ከእርከኑ የወደቀ ድንጋይ ካያችሁ አንስታችሁ መልሱት፤ ሰፊውን ገጽ ወደ ታች፣ ጀርባውን ወደ ዳገቱ ዘንበል አድርጋችሁ። ከተነቃነቀ አንሱትና አዙራችሁ ሞክሩት።